ከጤና አዳሙ ሥር

አንዳርጋቸው ባሕር ዳር ከመምጣቱ በፊት ከዓሣ ጋር የነበረው ትውውቅ ከሰርዲን ቆርቆሮ አያልፍም ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲቀጥረው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ጣና ዳር የወረደ ወንደላጤ ነው። ከተማው ሞቀው፤ ሰዉ ግን ዝም አለበት። ዘመኑ የደርግ ነው። ሽብሩ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ቢሆኑም፣ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ስኳር መጥፋት ካልሆነ በቀር ወሬ አይጀምርም። አንዳርጋቸው ደግሞ ሲስቁለት የሚሞቀው፣ ሰው መሀል ካልሆነ የማይኖር የሚመስለው ልጅ ነበር።

ዓሣ ማጥመድ የጀመረውም ለዚሁ ነው። የፈረቃ ጓደኛው አበራ የቁንዝላ ተወላጅ ነው፤ ሐይቁ ዳር ያደገ። የከሰዓት ፈረቃ በሚገቡበት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከጀልባ ማረፊያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲባጎውን ይወረውራል፤ ብዙም ሳይቆይ ክንድ የሚያህል አምባዛ እየጎተተ ያወጣል። በአፉ ገመድ አሳልፎ፣ ጢሙ እየተወዛወዘ ፋብሪካው ድረስ ያመጣዋል። የአገሬው ሰው ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛ አይቀምስም፤ ከሐረር፣ ከወለጋ፣ ከአሥመራ የመጣው ሠራተኛ ግን ከካንቲኑ ጓሮ ጠብሶ፣ በቃሪያ አድርጎ ጣቱን እየላሰ ይበላዋል። ያን ጊዜ አበራ የሰው ሁሉ ወዳጅ ነው። ትከሻውን የማይመታው፣ ስሙን የማይጠራው የለም።

አንዳርጋቸውም መንጠቆ ገዛ። የሚይዘው ግን መዳፍ የማትሞላ፣ ቆሮሶ የምትባል ቅርፊታም ዓሣ ብቻ ሆነ። ለአምባዛ ምን እንደሚሰካ አላወቀም። መጀመሪያ ሊጥ ሞከረ፤ ሊጡ ውኃ ሲነካው ሟሟ። ሊጡን በበርበሬ ለወሰው፤ በርበሬው ሐይቁን ከማቅላት በቀር ያመጣው ነገር የለም። አንዱ የልብስ ሳሙና ይወዳል ብሎት ሳሙና ሰካ። ጉበት ከሉካንዳ ለምኖ ሰካ፤ ጉበቱ ገና ሲወረወር ከመንጠቆው እየተነቀለ ለብቻው በረረ። ሳንባ ቢሰካ ደግሞ አልሰምጥም ብሎ እንደ ቡሽ ላይ ተንሳፈፈ።

«አንተ እኮ ዓሣ እያጠመድህ አይደለም፤ ጣናን እየቀለብህ ነው» አለው አበራ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። ያችን ቀልድ ፋብሪካ ወስዶ ነገራት። ሳምንቱን ሙሉ «ቀላቢው መጣ» እየተባለ ተሳቀበት። አንዳርጋቸው አብሮ ሳቀ፤ ውስጡ ግን አረረ።

«በል እሺ ንገረኝ» አለው አንድ ጠዋት። «ምንድን ነው የምትሰካው?»

አበራ ጣሳውን አዘንብሎ አሳየው። እርጥብ አፈር ውስጥ ጣት የሚያህሉ ጥቁር ቀይ ትሎች ይላወሳሉ። «አምባዛ በዓይኑ አይደለም የሚበላው። ውኃው ድፍርስ ነው፣ ምን ያያል? በጢሙ እየዳሰሰ፣ እየሸተተ ነው። ሕይወት ያለው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋል። ወፍራም ትል ካገኘህ ሌላውን ሁሉ ተወው።»

«ከየት ነው የምትቆፍረው?»

«ከመሬት» አለና አበራ ጣሳውን ከደነ።

ያን ሰሞን አንዳርጋቸው የባሕር ዳርን መሬት በዶማ ጠቀጠቀው። ከቀበሌው ቧንቧ ሥር ቆፈረ፤ ከሙዝ ተክል ሥር ቆፈረ። ያገኛቸው ትሎች እንደ ክር የቀጠኑ፣ ሲሰካቸው የሚበጠሱ ነበሩ። ፍልሰታ ስትገባ ደግሞ ሉካንዳው ሁሉ ተዘጋና ጉበትና ሳንባው ራሱ ጠፋ።

የተከራየው ቤት ግሽ አባይ ሰፈር፣ ከወይዘሮ የብርጓል ግቢ ውስጥ ነው። ወይዘሮ የብርጓል ባላቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ለብቻቸው ይኖራሉ። ከሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የመሪጌታው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ ባዶ ምስማር አለ። አንዳርጋቸው የቤት ኪራይ ሊሰጥ በገባ ቁጥር ያችን ምስማር ያያታል፤ ምን ተሰቅሎባት እንደነበር ግን ጠይቆ አያውቅም።

የፍልሰታ ዋዜማ ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ ቆሙ። ዘጌ ሱባዔ ሊገቡ ነው።

«ልጄ፣ ግቢውን አደራ ብየሃለሁ» አሉት። «ዶሮዎቹን ጧት ጧት ጥሬ በትንላቸው። ከጓሮ ግን እንዳይገቡብኝ። ከጤና አዳሚቱ ሥር እንዳይጭሩብኝ።»

«ምን አላት እማማ? ጤና አዳም እኮ በየደጁ አለ።»

ወይዘሮ የብርጓል መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ ጓሮው በኩል ዞር አሉ። «እንዳይጭሩብኝ ብቻ» አሉ። ቀጥለው ፈገግ ብለው፣ «ደግሞ ቆሮሶ ከያዝህ ከድስቴ አብስል፣ አልከለክልህም። ያንን ጢማሙን ግን ከቤቴ እንዳታስገባብኝ።»

«ምን በወጣኝ እማማ! በአደራዎ አይስጉ፤ ሰላም ይግቡ።»

ቃሉን ሲሰጥ ከልቡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሬውን በተነ፣ የጓሮውን አጥር ቀዳዳ በእሾህ ደፈነ። አንድ ጠዋት ግን አንዲት ገብስማ ዶሮ ሾልካ ገብታ ስትጭር አገኛትና እሽ ብሎ አባረራት። ተመልሶ ሊወጣ ሲል ዓይኑ የጫረችው ቦታ ላይ አረፈ። እርሳስ የሚያህል ትል፣ ጥቁር ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ ይሳባል። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ገለጠው። ሌላ አለ። ሌላም አለ። ሴትዮዋ በበጋው ጧት ጧት ውኃ እያፈሰሱ ያረሰረሱት፣ ጥላ ያለው፣ ለምለም ጥቁር አፈር ነው። እስከዚያ ድረስ ከተማውን ሲያስስለት የከረመው ነገር ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ተኝቷል።

ቆሞ አሰበ። «የተባልኩት ዶሮ እንዳይጭር ነው፤ እኔ ዶሮ አይደለሁ» ብሎ ለብቻው ሳቀ። ዶማውን ሊያመጣ ሄደ።

በዚያው ጠዋት የመጀመሪያውን አምባዛ አወጣ። ሲባጎው መዳፉን እስኪቆርጠው ጎተተው። ዓሣው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሲንፈራገጥ፣ አበራ ራሱ ተነሥቶ እጁን ጨበጠው። ፋብሪካ ሲደርስ የክፍሉ ሰው አጨበጨበ። «ቀላቢው» የሚለው ስም ያኔውኑ ቀርቶ «ጋሼ አምባዛ» ሆነ። ካንቲኗ ውስጥ የምትሠራዋ፣ ስሙን እንኳ የማታውቀው ሴት «ጋሼ አምባዛ፣ ለእኔም አንድ ቁራጭ አስቀርልኝ» አለችው። ያን ቀን አንዳርጋቸው ማሽኑን ሲጠግን እያፏጨ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ቆፈረ። ትሎቹ ከላይ ሲያልቁ ወደ ታች ገባ። ጤና አዳሟን ከነሥሯ ነቅሎ ወደ ጎን አደረጋት፤ ስጨርስ መልሼ እተክላታለሁ አለ።

አንድ ጠዋት ዶማው ለስላሳ ነገር ያዘ። ሲስበው ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ነጠላ መጣ፤ አፈር የበላው፣ ቡናማ የሆነ ነጠላ። ነጠላው ሲፈታ ሱሪ፣ ቀበቶ፣ የሱፍ ሹራብ። ሹራቡ ሰማያዊ ነው፤ የእጅጌዎቹ ጫፍ ብቻ ክር ያጠረ ይመስል በቀይ ተሠርቷል። በእጥፋቶቹ መሀል ትሎቹ እንደ ጉድ ተሰብስበዋል።

በዚያ ክፉ ዓመት ሰው ብዙ ነገር እንደቀበረ ያውቃል። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ እሱ ራሱ መጻሕፍቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ቀብሯል። ግን መጽሐፍ ይፈራል እንጂ ሱሪ ምን ተብሎ ይፈራል? ደግሞስ ባል የሞተባቸው አሮጊት ብቻቸውን በሚኖሩበት ግቢ የወጣት ልብስ ምን ይሠራል? ጥያቄው መጣ። መጣና እንደ እንግዳ ከደጅ ቆመ፤ አንዳርጋቸው ግን ግባ አላለውም። ሰዓቱ ረፍዷል፣ አበራ ቀድሞት ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል፣ ትሎቹ ደግሞ እንዲህ ያሉ ሆነው አያውቁም።

ጣሳው ውስጥ ትሎቹ በሙቀት ይሞቱበት ነበር። ሱፍ ግን እርጥበት ይይዛል። ቢላዋውን አወጣና የሹራቡን ግራ እጅጌ ከትከሻው ቆርጦ ለየው፤ ቀዩን ጫፍ በሲባጎ አሰረና አፈርና ትል ሞላበት። ጥሩ ከረጢት ወጣው። የቀረውን ልብስ እንደነገሩ አጣጥፎ ጉድጓዱ ውስጥ መለሰ፣ አፈር ከመረበት፣ ጤና አዳሟን ከላይ ሸጎጣት። ተጣመመች። በእግሩ ጠቅጠቅ አድርጎ አስተካከላት።

የሠራው ከረጢት እንደጠበቀው ትሎቹን አኖረለት። አበራ «ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ ዘዴ ነው?» ብሎ ሲያደንቅለት «የደብረ ብርሃን ጥበብ» አለው።

ፍልሰታ በተፈታች ማግስት ጠዋት ሁለቱም ከጀልባ ማረፊያው አጠገብ ተቀምጠዋል። አንዳርጋቸው ሁለት ትልልቅ አምባዛ አውጥቶ ጎኑ አጋድሟል። የዘጌዋ ጀልባ እየተንደቀደቀች መጣችና ሱባዔተኞቹን አወረደች። ነጭ የለበሱ፣ ጾም ያከሳቸው ሰዎች እየተደጋገፉ ይወርዳሉ። መሀላቸው ወይዘሮ የብርጓልና ጎረቤታቸው ወይዘሮ አገርነሽ አሉ።

አንዳርጋቸው ደስ ብሎት ብድግ አለ። ወይዘሮ የብርጓል ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት። ጾሙ ፊታቸውን ቢያጠወልገውም ዓይናቸው በርቷል።

«ደኅና ከረምህ ልጄ? ግቢው ደኅና? ዶሮዎቹ?»

«ሁሉም ደኅና ነው እማማ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤዋ አደረሰዎ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ጠበል ይዤልሃለሁ። ደግሞ ሎሚ፤ የዘጌ ሎሚ ነው።» ዘንቢላቸውን እየበረበሩ ሳቅ አሉ። «ለዚያ ለጢማሙ ይሆንሃል። ብቻ ከደጅ ብላው።»

ሎሚዎቹን የሚያስቀምጡበት ሲፈልጉ ድንጋዩ ላይ ያለችውን ከረጢት አዩ። መጀመሪያ ያላወቋት መሰለ። ቀጥሎ እጃቸው ከዘንቢሉ ቀስ ብሎ ወጣ። ሎሚዎቹ መሬት ወድቀው ሲበተኑ ልብ ሳይሉ ጎንበስ ብለው አነሷት። ቀዩን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ አንዴ፣ ደግመውም። ከውስጥ አንድ ትል ወጥቶ መዳፋቸው ላይ ተጠቀለለ። አልጣሉትም።

«ይኼን ከየት አገኘኸው?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው።

አንዳርጋቸው የዚያን ጊዜ ገባው። ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ትልቅ ነገር እንደሆነ ግን ገባው። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

«ከገበያ ነው እማማ» አለ። «ልባሽ ጨርቅ ተራ። ወድቆ አገኘሁት።»

ወይዘሮ የብርጓል ቀና ብለው አዩት። ሲባጎውን ፈቱ፤ አፈሩንና ትሎቹን ዳር ላይ ቀስ ብለው አራገፉ፤ እጅጌውን አጥፈው ከነጠላቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያዙት። ዘንቢላቸውን ትተው በዝግታ ወደ ከተማው መንገድ ሄዱ።

ወይዘሮ አገርነሽ አልተከተሏቸውም። ዘንቢሉን አንሥተው፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ ወደ አንዳርጋቸው ቀረቡ።

«እውነት ከገበያ ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

አንዳርጋቸው ዓይኑን ወደ ውኃው አዞረ።

«የዓምደ ሚካኤል ነው» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። «የልጇ። አንድ ልጇ ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በሽብሩ ጊዜ ወሰዱት። በየቀኑ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች። አንድ ቀን ጠባቂው ‹ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ› አላትና ልብሱን ጠቅልሎ ሰጣት። ሬሳ የለ፣ የወደቀበት አይታወቅ። ማልቀስ ክልክል ነበር። እኔና እሷ ሁነን ነው ልብሱን በነጠላዋ ከፍነን የቀበርነው። እሪ ሳንል፣ አፋችን ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሰን።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «አሁን ለአንተ ምን ብየ ነው የምነግርህ? ከሰማኸው አይቀር ስማው ብየ ነው።»

እሳቸውም ሄዱ።

አንዳርጋቸው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ሎሚዎቹ እግሩ ሥር ተበትነዋል። አበራ አጠገቡ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ሲባጎውን ጠቀለለ፣ ጣሳውን ከደነ፣ ተነሥቶ ሄደ። አምባዛዎቹ አፋቸውን እየከፈቱ ይዘጋሉ። ወደ ውኃው ሊመልሳቸው አሰበ፤ ግን እነሱን መንካት አልቻለም። እዚያው ትቷቸው ሄደ።

ፋብሪካ ሲገባ «ጋሼ አምባዛ፣ ዛሬ ባዶ እጅህን ነው?» አሉት። ስሙ እንደ ጥፊ አረፈበት። ካንቲን አልሄደም። ፈረቃው ሲያልቅም ወደ ቤቱ መሄድ ከብዶት እዚያው ጥጥ ላይ ተጋደመ። እንቅልፍ አልነበረም። ሲያንቀላፋ የሚያየው የሴትዮዋን መዳፍ ነው፤ ትሉንም ሳይጥሉ የያዙበትን። ከቆፈረውና ከቆረጠው ይልቅ ውሸቱ በለጠበት። ልብሱን የማን እንደሆነ ሳያውቅ ቆረጠው እንበል። ፊታቸው ቆሞ፣ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ሲጠይቁት፣ ከገበያ ወድቆ አገኘሁት አለ። ወድቆ።

በማግስቱ አበራን ቤት እንዲፈልግለት ለመነው። «የትም ይሁን። ዕቃዬን ሰው ልኬ አስወጣለሁ።»

አበራ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየው። «ሂድና ንገራቸው» አለ። «ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እፈልግልሃለሁ። አሁን ግን አልፈልግልህም። እኔ ፊት ነው የዋሸኻቸው፤ ዝም ብየ ስሰማ እኔንም አብረህ አዋሸኸኝ።»

አንዳርጋቸው እኩለ ቀን አካባቢ የግቢውን በር ገፋ። ከክፍሉ ደፍ ላይ የተከደነ ሳህን አለ፤ እንጀራና ሽሮ። ለእሱ የተቀመጠ ነው፤ ያደረ መሆኑ ከደረቀው ጠርዙ ይታወቃል። እየጠበቁት ነበር ማለት ነው። ቢሰድቡት፣ ቢረግሙት፣ ዕቃውን ከደጅ ተወርውሮ ቢያገኘው ይሻለው ነበር።

ወይዘሮ የብርጓል ከጓሮ ናቸው። ጤና አዳሟ ተነቅላ ከግድግዳው ጥግ በጣሳ ተተክላለች። ልብሱ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሴትዮዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ሹራቡን ዘርግተው እጅጌውን ይሰፋሉ። መርፌው ሱፉ ውስጥ እየገባ ሲወጣ ይሰማል። ቀና አላሉም።

«ዋሽቼዎታለሁ» አለ አንዳርጋቸው፣ ገና ከሩቁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «በእጄ የሠራሁት ነው። ሰማያዊው ክር ቢያልቅብኝ ነው በቀይ የጨረስሁት። እንዲህ ያለ ሹራብ ገበያ አይወጣም።»

«አደራ ብለውኝ...» ድምፁ ተቆረጠ። «የማን ልብስ እንደሆነ አላወቅኩም ልልዎት ነበር የመጣሁት። እሱም ሙሉ እውነት አይደለም እማማ። ጠርጥሬ ነበር። ማወቅ አልፈለግኩም። ዓሣ ልያዝ ብዬ፣ ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ...»

መርፌዋ ቆመች። ዶሮዎቹ ከአጥሩ ወዲያ ይንጫጫሉ።

«እኔስ?» አሉ በመጨረሻ። «ልጄን እንደ ሌባ ዕቃ ከጓሮ የደበቅሁት እኔ አይደለሁ? ጤና አዳም ነው እያልሁ ስንት ሰው አታለልሁ። ለአንተም ‹ዶሮ እንዳይጭርብኝ› አልሁህ እንጂ ‹ልጄ ነው› አላልሁህም። ፈራሁህ። የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፣ አገርህ ሩቅ፣ ለማን እንደምትነግር ምን አውቄ? በየወሩ ስትመጣ ፎቶውን ከምስማሩ አውርጄ ከሣጥን ነበር የምከተው።»

አንዳርጋቸው አንገቱን ደፋ። ይህን አልጠበቀውም። በእኝህ ሴት ቤት ሲኖር፣ እማማ እያለ ሲጠራቸው፣ እሳቸው በገዛ ቤታቸው ከእሱ ልጃቸውን ሲደብቁ ኖረዋል።

ተንበረከከ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር የሚል እግዚአብሔር ነው» አሉ። «እኔ ዛሬ አልችልም። ነገም እንጃ።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ሹራቡን አንሥተው እጅጌው መያዙን ሳብ አድርገው አዩና አጠፉት። «ጉልበት ግን አለህ። እኔ ሸመገልሁ፣ አገርነሽም ሸመገለች። አንዴ ከወጣ አልመልሰውም ከዚያ ጉድጓድ። ከአባቱ ጎን ይግባ። የሚመጣው ይምጣ። ዶማህን ይዘህ ተከተለኝ።»

መሪጌታው የተቀበሩበት ደብር አገልጋይ ቄስ መርስዔ ኀዘን የእሳቸው ደቀ መዝሙር ነበሩ። ነገሩን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡ። ፍርሃታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። «ለልብስ ፍትሐት የለም» አሉ። ወይዘሮ የብርጓል ጥቅሉን ታቅፈው ፍንክች አላሉም። ቄሱ ዓይናቸውን ከእሳቸው ላይ አንሥተው ወደ መሪጌታው መቃብር አዩ። «ለነፍሱ መጸለይ ግን ከልካይ የለበትም» አሉና ዕጣን ሊያመጡ ገቡ።

አንዳርጋቸው ቆፈረ። ያዘዘው ሰው ሳይኖር ጥልቅ አድርጎ፣ ጎኑን አስተካክሎ ቆፈረ። ላቡ በዓይኑ ሲገባ አልጠረገውም። ትል በታየ ቁጥር በመዳፉ አንሥቶ ወደ ጎን ያደርግ ነበር፤ ለምን እንደሚያደርገው እሱም አያውቅም። ልብሱን በአዲስ ነጠላ ጠቅልለው ሲያወርዱት እሱ ከታች ሆኖ ተቀበለ። ቀላል ነበር፤ በጣም ቀላል። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠርተው ሲጸልዩ ወይዘሮ የብርጓል አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ጸሎቱ ሲያልቅ ግን ነጠላውን ለቀቁት። ዓመታት የተዘጋው ጩኸት ወጣ። ወይዘሮ አገርነሽ ተቀበሏቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ በመንገዱ የሚያልፉ ሴቶች፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ አልዘገየም። በማግስቱ ግቢው በሰው ሞላ። ሳሎን ውስጥ ከመሪጌታው ፎቶ ጎን የአንድ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ፀጉሩ የበዛ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ። የቀበሌው ሰው በጓዶቹ ታጅቦ መጣና ከበሩ ቆመ። ልቅሶው ተቋረጠ። ሰውየው ሳሎኑን፣ ፎቶውን፣ ሴትዮዋን አየ። ቆየና ቆቡን አውልቆ፣ ሳይገባ ተመለሰ። አበራና ሁለት የክፍሉ ሰዎችም መጡ። አበራ ከአንዳርጋቸው ጋር አግዳሚ ወንበር ተሸከመ፤ ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገሩም።

አንዳርጋቸው ቀኑን ሙሉ ውኃ ቀዳ፣ ወንበር ደረደረ፣ እንግዳ ተቀበለ። የተቀመጠበት ጊዜ የለም። ወደ ማታ አካባቢ ከዱርቤቴ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ከመሪጌታው ጋር ቅኔ የቆጠሩ፣ ከቤቱ ከራቁ ብዙ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። በሩ ላይ ዶማው ያቆሰለውን መዳፉን በጨርቅ አስሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ የቆመውን ወጣት አዩት። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንተ ታናሹ ነህ?» አሉት። «መሪጌታ ሌላ ልጅ እንደነበራቸው አላወቅሁም። እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ። እናትህን አደራ፤ ለእሷ የቀረሃት አንተ ነህ።»

አንዳርጋቸው ተከራይ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። የሽማግሌው ዓይን እንባ ሞልቷል፤ እጁን አለቀቁትም። ከእሳቸው ትከሻ ማዶ፣ ከሴቶቹ መሀል፣ ወይዘሮ የብርጓል ተቀምጠዋል። የተባለውን ሰምተዋል፤ ፊታቸው ወደ በሩ ነው። አይደለም አላሉም። ነው ብለው ራሳቸውንም አልነቀነቁም።

«አሜን» አለ አንዳርጋቸው፣ ጆሮው እስኪግል አፍሮ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ውስጥ አስገባቸው።